ልብስ ሰፊው ለእባብ የሰጠው ቃል

ቴጆ ጆጊ ሆኖ ተወልዶ እባብ ይፈራ ነበር። ይህን ስሰማ እኔም ስቄያለሁ፤ ኡመርኮት አጠገብ አሸዋው ላይ የሰፈሩት እባብ አስጨፋሪዎቹ ጆጊዎች ደግሞ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት። እነሱ ዘንድ ሕፃን ቆሞ መሄድ የሚለምደው የእባብ ቅርጫት እየተደገፈ ነው። ቴጆ የለመደው ግን የልብስ ስፌት መኪና እየተደገፈ ነው፤ ያውም ከዚያ ርቆ፣ ሃይደራባድ ከተማ፣ ሁለት ሰው በማታስቆም የአባቱ ሱቅ ውስጥ።

ወደዚያ ያሰደዳቸው የተሰበረ ቃል ነው። ጆጊ እባብ ሲይዝ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይንበረከክና፣ "ከዚህ ወስጄሻለሁ፣ እስከዚህ ቀን አብረሽኝ ትሠሪያለሽ፣ ቀኑ ሲደርስ እዚሁ እመልስሻለሁ" ብሎ ይናገራል። ቀኑን የሚቆርጠው ያዡ ራሱ ነው፤ አንድ ወር ቢልም አንድ ዓመት ቢልም ማንም አይከራከረውም። ከአፍ ከወጣ ግን አፋፍ ነው። ቃሉን ያፈረሰም ያስፈረሰም እኩል ይጠየቃል። የቴጆ አባት ሃሚሮ በዘመኑ እጁ የተመሰከረለት ያዥ ነበር። አንድ ዓመት ግን ትርኢቱ ደራለትና ቀኑን በሁለት ሳምንት አሳለፈ፤ እባቧም ቅርጫት ውስጥ ሞተች። ማንም አልመታውም፣ ማንም አልሰደበውም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃሚሮ ሲመጣ ሰዎች ሻያቸውን ጨልጠው ይነሱ ጀመር። በእኛ አገር "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ይባላል፤ ጆጊዎች ተረቱን አይተርቱት እንጂ የሚኖሩት በሱ ነው። ሃሚሮ ሚስቱንና ገና ያልቆመ የአንድ ዓመት ልጁን ይዞ ከተማ ገባ፣ መርፌ ጨበጠ፣ ስለ እባብ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሞተ። ሰፈሩ ውስጥም ስሙን የሚያነሳ ሰው ጠፋ።

ቴጆ ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላው ሰፈሩ ውስጥ የቀረች አንዲት አክስቱ ለልጇ ሰርግ ልብስ እንዲሰፋላት ጠራችው። መኪናውን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኖ መጣ። ለሰባት ቀን የመጣው ሰው ግን እዚያው ቀረ፤ ምክንያቱም ጂውኒ የምትባል ልጅ ያሰፋችውን ቀሚስ ይዛ መጥታ ፊቱ ላይ ወረወረችበት።

"ይሄ እጅጌ ነው ወይስ የግመል አንገት? የኔ ክንድ መቼ ነው እንዲህ የረዘመው?"

"ለክቼ እኮ ነው የሰፋሁት።"

"ስትለካ ታዲያ የት የት ነበር የምታየው?"

የት የት ሲያይ እንደነበር ቴጆ ያውቀዋል። እጅጌውን ፈትቶ ሰፋ፣ ደግሞ ፈትቶ ሰፋ። በሦስተኛው ልክ ሲሆንለት አዘነ።

የጂውኒ አባት ሳዋይ የሰፈሩ አለቃ ናቸው። ቴጆ የሚልከው ሽማግሌ ስላልነበረው ራሱ ሄዶ ፊታቸው ቁጢጥ አለና እንደ አጎቱ "ካካ" ብሎ ጠራቸው።

"ካካ፣ ጂውኒን ይስጡኝ።"

ሳዋይ ሙርሊያቸውን፣ ያቺን ከቅል የተሠራች የእባብ ዋሽንት፣ በጨርቅ እየወለወሉ ቆዩ።

"መርፌ ትችላለህ አሉ።"

"እችላለሁ።"

"እባብስ?"

የሳዋይ ትልቁ ልጅ ቦጆ ከጎጆው ጥላ ሥር ሆኖ፣ "ባባ፣ ትናንት የግመል ገመድ ረግጦ እንዴት እንደዘለለ ቢያዩት!" አለና በሳቅ ፈረሰ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ይሄኛው ሳያይም የሚበረግግ ነበር።

ሳዋይ ግን አልሳቁም። "ስማኝ ልጄ፤ እባብ ጠብቆ ለማያውቅ ሰው ልጄን አልሰጥም። ይሄ ለማንም ነው። ላንተ ደግሞ ሌላም አለ፤ የማን ልጅ እንደሆንክ ሁላችንም እናውቃለን። አንዲት እባብ ትይዛለህ። ቀኑን አንተ ትቆርጣለህ። ቀኑ ሲደርስ፣ ጤነኛ እንደሆነች፣ ዓይኔ እያየ ትመልሳታለህ። ያን ጊዜ ጂውኒ ያንተ ናት።"

"ባይሆንልኝስ?"

"አውቶቡሱ በየጠዋቱ አለ።"

በማግስቱ ግማሽ ቀን በእግር አስኬዱትና አንዲት ግራር ሥር ጉድጓድ አሳዩት። ሳዋይ በአጭር ዶማ ቆፍረው ጅራቷን ሳብ ሲያደርጉ የወጣችው የስንዴ ቀለም ያላት ሴት ኮብራ ነበረች። አንገቷን ነፍታ ቆመች። የቴጆ ቆሌ ተገፈፈ። ጅራቷን ሲያስጨብጡት ተንበረከከ፤ ለቃሉ ይሁን ከፍርሃት እሱም አያውቅም።

"ቀኑን ቁረጥ!" አሉት ሳዋይ።

"ከዚህ ወስጄሻለሁ... እስከ... እስከ መጀመሪያው ዝናብ። ከዚያ እዚሁ እመልስሻለሁ።"

"አይ ልብስ ሰፊው!" አለ ቦጆ። "የአራት ወር ነገር! እኔ እኮ የመጀመሪያዬን ሁለት ዓመት ነው ያልኳት።"

ቴጆ ግን በልቡ አራቱም ወር በዝቶበት ነበር። የሌላ ሰፈር ሰዎች የመርዝ ጥርሷን ነቅለው ነው የሚያኖሯት። የሳዋይ ሰፈር ይህን እንደ ነውር ያየዋል፤ ጥርሷን ለነቀልክባት እባብ ምን ቃል አለህ ይላሉ። ስለዚህ የቴጆ ኮብራ ከነሙሉ ትጥቋ ነበር ወደ ጎጆው የገባችው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሲወሳ ሰፈሩን እስከ ዛሬ ያስቃል። ኮብራዋ ጎጆ ውስጥ ታድራለች፣ ባለ ጎጆው ውጭ ያድራል። የቅርጫቱን ክዳን የሚከፍተው በረጅም ዘንግ ነው፤ ከፍቶም ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሮጣል። እሷ ቀና ብላ አየት ታደርገውና መልሳ ትጠቀለላለች። ይህ ንቀት ይሁን ትዕግሥት አልገባውም፤ አናደደው ግን። አንድ ጠዋት፣ ሰው ይስማ አይስማ ሳይል፣ "እኔ አንቺን ፈርቼ ልጅቷን አላጣም!" ብሎ ጮኸባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሱን ነክሶ ገባበት።

በየጠዋቱ ከመስኖው ቦይ ዳር በመረብ እንቁራሪት ያሳድዳል። ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ያገኙታል።

"ልብስ ሰፊው፣ ሱሪ ልትለካላቸው ነው?"

"አይቆሙልኝም እንጂ!" ይላቸውና ማሳደዱን ይቀጥላል።

ጂውኒ ከሱ ጋር ለብቻዋ እንድትቀመጥ አይፈቀድላትም፤ በጎጆዎቻቸው መሃል ያለው የእሾህ አጥር ግን ድምፅ አይከለክልም። ከወዲያ ፍየል እያለበች ታስተምረዋለች።

"በየቀኑ አትስጣት። በአሥር ቀን አንዴ ይበቃታል።"

"ወተትስ? ከተማ ውስጥ እባብ ወተት ይጠጣል ነው የሚሉት።"

"ወተቱን የሚጠጣው ባለ እባቡ ነው፣ አንተ ሞኝ! ሰው ወተት ተሸክሞ ሲመጣ እንዴት እምቢ ይባላል?" ከአጥሩ ወዲያ ሳቋ ተሰማ። "ውሃዋን ቀይርላት። ከበላች በኋላ ሁለት ሦስት ቀን አትንካት፣ የበላችውን ትተፋዋለች። ደግሞ ክዳን ከፍተህ አትሩጥ። የሚሮጥ ነገር ያስፈራታል።"

"እሷን ነው የሚያስፈራት?"

"ታዲያ ፈሪ አንተ ብቻ ነህ እንዴ?"

ይህ ነገር ከዚያ በፊት ጨርሶ አስቦት አያውቅም። ከጉድጓዷ ጎትተው ያወጧት፣ ጨለማ ቅርጫት ውስጥ የከተቷት እሷን ነው፤ እሱ በገዛ እግሩ ነው የመጣው። ከዚያ በኋላ ክዳኑን ከፍቶ በእርምጃ ርቀት ቁጭ ማለት ጀመረ፤ ሳይንቀሳቀስ፣ ቁልፍ እየሰፋ። በሦስተኛው ሳምንት ከዘንጉ ጫፍ እንቁራሪት ተቀብላ ስትውጥ አያት። እየሮጠ ሄዶ ለአጥሩ ነገረው፤ ጂውኒ ለካ ቤት አልነበረችም።

ሰው የሚወደውን የሚጎዳው በሚያውቀው ነገር ነው። ቴጆ የሚያውቀው ጨርቅ ነው። ቅርጫቷ ውስጥ የተነጠፈው ሸካራ ጆንያ አንጀቱን በላውና ከሰርጉ ልብስ ትራፊ፣ ቀይ ከቢጫ ገጣጥሞ፣ ውስጡን ጥጥ ሞልቶ፣ ትንሽዬ ብርድ ልብስ ሰፋላት። ጠርዙን እንኳ በክር ጠልፎታል። ኮብራዋ ሄዳ ተጠቀለለችበት፤ እሱም ደስ አለው።

ያ ወር ደረቁ ነፋስ ዓይን የማያስገልጥበት ወር ነበር። ኮብራዋ ቀለሟ ደበዘዘ፣ ዓይኖቿ ወተት የገባባቸው መሰሉ፣ እንቁራሪቱን እምቢ አለች። ቴጆ ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ጂውኒ ግን ከአጥሩ ወዲያ፣ "ቆዳዋን ልትቀይር ነው፤ ተዋት፣ አትነካካት" አለችው። ተዋት። በስምንተኛው ቀን ሲከፍት ቆዳው እንደ ካልሲ ባንድ ጊዜ መውለቅ ሲገባው፣ ተቆራርጦ እዚህም እዚያም ተለጥፏል። በቀኝ ዓይኗ ላይ ደግሞ አሮጌው ሽፋን እንደ ግርዶሽ ቀርቷል።

ሳዋይን ጠራቸው። መጥተው ቅርጫቱን አዩና ብርድ ልብሱን በሁለት ጣታቸው አነሱት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ብርድ... ብርድ ልብስ ነው፣ ካካ።"

"ለእባብ?"

የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ተንከተከተ። ቦጆማ አሸዋው ላይ ተንከባለለ። ሳዋይ አሁንም አልሳቁም። "እባብ ቆዳዋን የምታወልቀው ሸካራ ነገር ላይ ታሽታ ነው። አንተ ሐር አነጠፍክላት። ጥጡ ደግሞ ያላትን እርጥበት መጠጠው። ይሄ የዓይኗ ካልተነሳ ትታወራለች፤ የታወረች ደግሞ አድና አትበላም። ሟች ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ መሄድ መመለስ አይባልም።" ብርድ ልብሱን መልሰው አቀበሉትና፣ "እኔ ላነሳላት እችላለሁ። ከዚያ ግን ጠባቂዋ እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም" አሉት።

"አይንኩብኝ" አለ ቴጆ። እንዲህ ብሎ አለቃ ፊት መናገሩ ለራሱም ገረመው።

ሰፊ ማሰሮ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ በትንሹ አደረገና ኮብራዋን ከተታት፣ የማሰሮውን አፍ በስስ ጨርቅ አሰረው። እስከ እኩለ ቀን ድረስ እንዲህ ቆየች። ከዚያ እርጥብ ጆንያ ዘርግቶ በላዩ ላይ ለቀቃት፤ ስትሳብ አሮጌው ቆዳ ከጀርባዋ እየተላጠ ቀረ። የዓይኗ ግን አልመጣም። ስለዚህ ጭንቅላቷን ከኋላ በግራ እጁ ያዘ። አፏን ከፈተች። ጥርሶቿ ከአውራ ጣቱ አንዲት የስንዴ ፍሬ ያህል ቢርቁ ነው። ቦጆ ፌዙን ተወ። ቴጆ በቀኝ እጁ ውሃ የነካ ጥጥ ይዞ ሽፋኑን በዳር በዳር ያሻል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ያሻል። ሃያ ዓመት በጭላንጭል መርፌ ቀዳዳ ክር ያስገባ እጅ ነው፤ ሰውየው ላብ በላብ ሲሆን እጁ አልተንቀጠቀጠም። መጨረሻ ላይ ከዓሣ ቅርፊት የሳሳች ነገር ጥጡ ላይ ተለጥፋ ወጣች። ከሥሯ የኮብራዋ ዓይን ጥቁርና ጥርት ያለ ሆኖ አየው።

ቅርጫቷ ውስጥ መልሶ ከደናት። ፍርሃቱ አልለቀቀውም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከኋላው ይከተለዋል እንጂ ከፊት አይመራውም። ብርድ ልብሱን ፈትቶ ለአክስቱ ትራስ ሰፋበት።

ዝናቡ ይጠበቅ የነበረው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ወንዶች በሙሉ ከሳዋይ ጋር ወደ ደቡብ፣ የአንድ ባለርስት ልጅ ሰርግ ላይ ሙርሊ ሊነፉ ሄዱ፤ በአምስተኛው ቀን እንመለሳለን ብለው። ቴጆ ሙርሊ ስለማይነፋ ቀረ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ምሥራቁ ጠቆረ፣ አሸዋው ተነሳ፣ ከዚያ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወረደው። ልጆች ራቁታቸውን ሮጡ፤ ሴቶች በሚያፈሰው ክዳን ሥር ማሰሮ ይደቅናሉ። ቴጆ በሩ ላይ ቆሞ ደረቀ።

ዛሬ ቢመልሳት ምስክር የለም። ሳዋይ "ዓይኔ እያየ" ነው ያሉት። የሃሚሮ ልጅ እባቧ ሞታበት አሸዋ አልብሷት መጣና መለስኳት አለ ይባላል፤ ሌላ ሰው ቢሆን እሱ ራሱም እንዲህ ይላል። ሳዋይ እስኪመጡ ሦስት ቀን ቢያቆያትስ? አባቱ ያሳለፈው አሥራ አራት ቀን ነው። ሦስት ከአሥራ አራት ያንሳል። ያንሳል እንዴ?

ወደ ዳዲ ኬሲ ጎጆ ሮጠ። ሰፈሩ ዳዲ፣ አያት፣ እያለ የሚጠራቸው ኬሲ የሳዋይ እናት ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ ልባቸው ግን ለቴጆ ያደላ ነበር።

"ዳዲ፣ ዘነበ!"

"ማን አለ? ይሄ ዝናብ አይደለም ልጄ፣ ሰማዩ አስነጥሶት ነው።"

"ከጎጆዬ ክዳን ውሃ እየወረደ ነው እኮ።"

"እኔ አይታየኝም።"

"ይሰማዎታል እንጂ፣ ዳዲ።"

አሮጊቷ እጁን ፈልገው ያዙት። "ሳዋይን እኔ ነኝ የወለድኩት፤ ያላየውን አያምንም። ልጅቷን ታጣታለህ። ሦስት ቀን ቆይ። ካፊያ ነው ብዬ እኔ በጆጊዎች አባት በጉሩ ጎራክ እምልልሃለሁ።"

የቴጆ እንባ መጣ። በሕይወቱ ለሱ ብሎ ሊምል የተነሳ ሰው አልነበረም። "ዳዲ፣ ቃሉን ለካካ ሰጥቼው ቢሆን እሺ እልዎት ነበር። የሰጠሁት ግን ለሷ ነው። እሷ ደግሞ ዝናቡን ሰምታለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ቅርጫቷ ውስጥ አልተቀመጠችም።"

ሲወጣ ጂውኒ ውሃ እየተንጠባጠበባት አጥሩ ጋ ቆማለች።

"እኔ እመጣለሁ። አየሁ እላለሁ!"

"ብቻሽን ከእኔ ጋር አሸዋ ውስጥ? እባብ መለሰ ሳይሆን ልጅ ይዞ ጠፋ ነው የሚሉት።"

"ይበሉ!"

"አይሉም። እናንተ ቤት የምገባው በፊት ለፊት ነው።"

ጂውኒ ከንፈሯን ነከሰች። ፊቷን የሚያርሰው ዝናቡ ብቻ አልነበረም። "ታዲያ ምን ይገትርሃል? ሂዳ! ብዙ መንገድ ነው።"

ሌሎቹ ሴቶች ከጎጆአቸው ጋር ይታገሉ ነበር፤ ግማሽ ቀን በጭቃ ተጉዞ የሚመሰክር አልተገኘም። ቴጆ ቅርጫቱን በትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ብቻውን ሄደ። ግራሯ ሥር ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ተንበርክኮ ክዳኑን ሲያነሳ ኮብራዋ አንገቷን ሳትነፋ ወጣች፣ እርጥቡን አሸዋ በምላሷ ቀመሰች፣ ገባች። እሱ መርቆ ሊሰናበታት ቃል አዘጋጅቶ ነበር፤ ጊዜም አልሰጠችው። ጉድጓዱ ባዶ እስኪመስል ድረስ ተቀምጦ፣ ወደ ሃይደራባድ ስለ መመለስ አሰበ።

በአምስተኛው ቀን ወንዶቹ ተመለሱ። ቴጆ ባዶውን ቅርጫት ይዞ ሰፈሩ መግቢያ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

"ካካ፣ ከሦስት ቀን በፊት ዘነበ። መለስኳት።"

"ማን አየ?"

"ማንም።"

"ሞታበት ነው!" አለ ቦጆ ሙርሊውን እየጣለ። "እኔ አላልኩም? ያ ብርድ ልብስ ገደላት! የአባቱ ልጅ!"

ቴጆ እጁ ቡጢ ሆነ። ቦጆን ቢመታው ደስ ባለው፤ ግን የተመታ ሰው አመነ አይባልም። ሳዋይ እያንዳንዷን ቃል እየመዘኑ ተናገሩ። "ዋሸህ አልልህም። አላየሁም ነው የምልህ። ያላየሁትን ደግሞ ሰፈሩ ፊት ቆሜ አየሁ አልልም። ከፈለግህ እንደገና ትጀምራለህ። ሌላ ትይዛለህ፣ ቀኑን ትቆርጣለህ፣ ፊቴ ትመልሳለህ። ደንቡ እሱ ነው።"

ሁሉም ወደ አውቶቡሱ መንገድ እንደሚያይ ጠበቁ።

"ነገ እንሂድ" አለ ቴጆ። "ሁላችሁም ኑ።"

በማግስቱ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ተከተሉት፤ ግማሹ ሊያይ፣ ግማሹ ሊስቅ። ዝናብ በነካው አሸዋ ላይ ዱካው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቴጆ ራሱ ዱካውን አገኘ፣ ራሱ ቆፈረ፣ ራሱ ጅራቷን ይዞ ሳበ። የወጣችው ከፊተኛዋ የምትበልጥ፣ ጥቁርና ቁጡ ኮብራ ነበረች። ሁለቴ ሰነዘረችበት፣ ሁለቴ ሸሸላት፤ አልሮጠም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከ።

"አሁን ደግሞ እስከ መቼ ልትላት ነው?" አለ ቦጆ። "እስከ ከሰዓት?"

ሰዉ ሳቀ። ቴጆ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ከዚህ ወስጄሻለሁ። የሳዋይን ልጅ ጂውኒን እስካገባበት ቀን ድረስ አብረሽኝ ትቆያለሽ። በሰርጌ ማግስት እዚሁ እመልስሻለሁ" አለ።

በዚህ ማንም አልሳቀም። ጉድጓድ አፍ ላይ የተነገረ ቃል አይነሳም፤ ተናጋሪውም ሊያነሳው አይችልም። ሳዋይ ልጃቸውን ቢከለክሉ ቃሉ አይፈጸምም፤ የማይፈጸመውም በሳቸው ምክንያት ነው። ያፈረሰም ያስፈረሰም እኩል ነው። ሰው ሁሉ ይህን በየልቡ አሰላና ወደ ሳዋይ ዞረ።

ሳዋይ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ጥምጥማቸውን ፈቱ፣ መልሰው ጠመጠሙ። "ቀኑን ራሱ ይቆርጣል ያልኩት እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት፣ ካካ።"

"እባቧ ከሰርጉ በፊት ብትሞትስ?"

"ያኔ ቃሉ የሁለታችንም ነው የሚሆነው።"

በዚያ ክረምት ሰፈሩ ያየው ነገር ለወሬ የሚበቃ ነበር። ከመስኖው ቦይ ዳር ሱሪያቸውን ሰብስበው እንቁራሪት ሲያሳድዱ የተገኙት ሳዋይ ራሳቸው ናቸው። በቀን ሦስት ጊዜ ወደ ቴጆ ጎጆ ይመጣሉ፤ ውሃዋ ተቀየረ ወይ፣ በላች ወይ፣ ምን ያህል ዋጠች? ዓይኗ የደበዘዘ የመሰላቸው ቀንማ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ሰርጉ ከዘመድ ሁሉ ጥሪ በፊት ተቆረጠ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀንም ሆነ። ጂውኒ የለበሰችው ቀሚስ እጅጌው ልክክ ያለ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሙሽሮቹ፣ ዳዲ ኬሲ በግመል፣ ቦጆም ሳይቀር፣ ሰፈሩ በሙሉ ጉድጓዱ ድረስ ሄደ። ቴጆ ክዳኑን አነሳ። ጥቁሯ ኮብራ ወጣች፣ በንዴት አንዴ ቆመች፣ ከዚያ ተስባ ገባች። እንደ ደንቡ፣ ያየው ሰው የመላሹን ስም ከነአባቱ ስም ጮክ ብሎ መጥራት አለበት። ሳዋይ ወደ ጉድጓዱ ቀረቡ። ሃሚሮ የሚለው ስም በዚያ አሸዋ ላይ ከተነገረ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል።

"የሃሚሮ ልጅ ቴጆ የወሰደውን መለሰ!"

ሰዉ ሊበተን ሲል ሳዋይ እጃቸውን አነሱ። ከጉድጓዱ ዞር አሉ፤ ያቺ ግራር ወዳለችበት አቅጣጫ፣ ማንም ሳያይ ዝናብ ወደዘነበበት ወገን ፊታቸውን አቀኑ። ቀድሞ ከጠሩት በላይ ጮኹ።

"የሃሚሮ ልጅ ቴጆ የወሰደውን መለሰ!"

ቦጆ ግራ ገብቶት፣ "ባባ፣ ሁለተኛው ለምንድነው?" አላቸው።

"ላላየኋት ነው" አሉ ሳዋይ።

ቴጆ ባዶውን ቅርጫት አቅፎ አሸዋው ላይ ተቀመጠ፣ ሰው ሁሉ እያየውም አለቀሰ። ጂውኒ አጠገቡ ቁጭ ብላ እስኪጨርስ ጠበቀችው።